ያረጀ ቮልስ ቤንዚን የሚፈጀው ስለ ምን ነው?

ቤንዚን ከባሕር ማዶ ተገዝቶ፥ በጅቡቲ ወደብ ወርዶ፥ በቦቴ ተጭኖ ዳገቱን ወጥቶ ወደ አገራችን የሚመጣ ነገር ነው። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ቀስ በቀስ ማንሣት ስለ ጀመረ፥ ቀድሞ ሳይታወቅ ያልፍ የነበረው ብክነት አሁን በባለ መኪናው ኪስ ላይ በግልጽ ይታያል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከታገደ ወዲህ ደግሞ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ያለችውን በደኅና መያዙ ይበልጥ የሚጠቅመው ሆኗል።

ስለዚህ ካርቡራተር ያላት አሮጌ መኪና ከሚገባት በላይ ቤንዚን የምትፈጅበትን ምክንያትና መድኃኒቱን በዚህ ጽሑፍ ባጭሩ ለመግለጽ እንሞክራለን። ለምሳሌ የምንወስደው ሁሉም ሰው «ቮልስ» የሚላትን ትንሿን ቮልስዋገን ነው። ይህች መኪና በ2003 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ አገር መሠራቷ ያበቃ ቢሆንም፥ ከ21 ሚሊዮን በላይ ስለ ተሠራችና አሠራሯም ቀላል ስለ ሆነ እስከ ዛሬ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ትታያለች።

ከስሕተታችን የተማርነው

ወደዚህ ምርመራ ያስገባን ከመካከላችን የአንዱ አጎት ነገር ነው። ጋሼ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የልጅ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት የሚያደርሱት በአሮጌዋ ቮልሳቸው ነው። አንድ ቀን «ይህች መኪና የምትጠጣው ቤንዚን መስሏችኋል? ጡረታዬን ነው የምትጠጣው!» አሉን። እስከ ወሩ መጨረሻ መላ ካልተገኘላት ሊሸጧት ቆርጠው ነበር።

እኛም በመጽሐፍ ባገኘነው ዕውቀት ተመክተን በቀጥታ ካርቡራተሩን ፈታን፤ አጠብን፤ ብሎኑን ወደ ቀኝም ወደ ግራም አዞርን። ነገር ግን ምንም ለውጥ አልተገኘም። በኋላ ከመካከላችን አንዱ መኪናዋ እንደ ቆመች የኋላውን የግራ ጎማ ቸርኬ ቢነካ እንደ ምጣድ አቃጠለው። ለካስ ፍሬኑ ከተረገጠ በኋላ አይለቅም ኖሯል! ሞተሩ ጎማውን ሲነዳ ፍሬኑ ይይዘዋል፤ በመካከሉ የሚቃጠለው የጋሼ ገንዘብ ነው። ከዚህ የተማርነው፥ ሳይለኩና ሳይመረምሩ በአንድ ነገር ላይ መፍረድ እንደማይገባ ነው።

1ኛ፤ አስቀድሞ መለካት

መኪናዋ ስንት እንደምትፈጅ ሳያውቁ መጠገን፥ ሳይመዝኑ እንደ መነገድ ይሆናል። አለካኩም ቀላል ነው። ታንኩን እስከ አፉ ሞልቶ የኪሎ ሜትሩን ቁጥር መጻፍ፤ እንደ ልማድ እየነዱ ከርሞ በዚያው ማደያ እንደገና እስከ አፉ መሙላት ነው። ለምሳሌ በመካከሉ 300 ኪሎ ሜትር ሄዳ 33 ሊትር ብትቀበል፥ በ100 ኪሎ ሜትር 11 ሊትር ፈጀች ማለት ነው። አንድ ጊዜ መለካት ስለሚያሳስት ሦስት ጊዜ ለክቶ አማካዩን መያዝ ይሻላል። ከዚያም አንድ ነገር ብቻ እያስተካከሉ እንደገና መለካት ነው። ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ የነካ ሰው የትኛው እንደ ጠቀመው ሊያውቅ አይችልም።

2ኛ፤ ገንዘብ የማይጠይቁ ነገሮች

በመጀመሪያ ጎማ ነው። ነፋሱ የጎደለ ጎማ እየተድቦለቦለ ሳይሆን እየተጎተተ ይሄዳል። የቮልስ ሞተር በስተኋላ ስለ ሆነ የኋላ ጎማዎች ከፊተኞቹ የበለጠ ነፋስ እንደሚሹ መርሳት አይገባም። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ጎማ በክሪክ አንሥቶ በእጅ ማዞር ነው፤ በነጻነት የማይዞር ከሆነ ፍሬኑ መስተካከል አለበት።

ሁለተኛው የአየር ማጣሪያው ነው። የብዙዎቹ ቮልሶች ማጣሪያ ዘይት የሚይዝ ነው፤ ዘይቱ በአቧራ ጭቃ ሲሆን አየር እንደ ልብ አያሳልፍም። በበጋ ወራት ቶሎ ቶሎ መታጠብና ዘይቱ መለወጥ ይገባዋል።

ሦስተኛው ቾኩ ነው። ሞተር በጠዋት ሲቀዘቅዝ ብዙ ቤንዚን እንዲያገኝ ቾኩ የአየሩን መግቢያ ይዘጋል፤ ሲሞቅ ግን መከፈት አለበት። ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወዲህ በተሠሩት ቮልሶች ላይ ቾኩን የሚከፍተው በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ጥምዝ ብረት ነው። ወደ እርሱ የምትሄደው አንዲት ሽቦ ብትነቀል ቾኩ ግማሽ በግማሽ እንደ ተዘጋ ይውላል፤ መኪናዋም ቀኑን ሙሉ የጠዋቱን ያህል ትጠጣለች። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ማጣሪያውን አንሥቶ ክዳኑ ቀጥ ብሎ መከፈቱን በዓይን ማየት ይበቃል።

አራተኛው እሳቱ ነው። የፑንቲናው ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል መሆን አለበት። ካንዴላዎቹንም ፈትቶ ቀለማቸውን መመልከት ነው። አፉ ቡናማ የሆነ ካንዴላ መልካም ነው፤ ደረቅ ጥላሸት የለበሰ ቤንዚን እንደ በዛበት፥ የነጣ ደግሞ ቤንዚን እንዳነሰው ይናገራል።

3ኛ፤ የከፍታው ነገር

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ካንዴላዎቹ እንደ ጠቆሩ ቢቀሩ ምክንያቱን በአገሩ አየር ላይ መፈለግ ያስፈልጋል። ካርቡራተር እንዲህ ይሠራል። ሞተሩ የሚስበው አየር በጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፥ ግፊቱም ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ ቤንዚኑ ቀዳዳዋ በልክ በተበሳ አንዲት ትንሽ የናስ ብሎን በኩል ወደ ጉሮሮው ይሳባል። በደኅና እንዲቃጠል ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር ያስፈልገዋል።

ነገር ግን ካርቡራተር ሚዛን የለውም፤ በቁና እንደሚሰፍር ሰው ነው። ቁናውን ጤፍም ገለባም እኩል ይሞላዋል፤ ክብደቱ ግን የተለያየ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ አየሯ በባሕር ዳር ካለው አየር ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ይመዝናል። ስሌቱን ብንሠራ፥ ለባሕር ዳር አገር የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ ለአየሩ የሚሰጠው የቤንዚን ድርሻ ከሚገባው በ15 ከመቶ ያህል ይበልጣል። ትርፉ ቤንዚን አቅም ሳይሆን ጥላሸት ሆኖ በጭስ ማውጫው ይወጣል።

መድኃኒቱ የብሎኗን ቀዳዳ ማሳነስ ነው። ቀዳዳዋ የምታሳልፈው እንደ ስፋቷ ስለ ሆነ ስፋቷ በ13 ከመቶ ገደማ ማነስ አለበት፤ ለዚህም ወርዷ በ7 ከመቶ ቢቀንስ ይበቃል። በብሎኗ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ወርዷን በመቶኛ ሚሊ ሜትር ያመለክታል፤ 125 የሚል ካለበት 1.25 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ከዚህ ላይ 7 ከመቶ ሲቀነስ ወደ 116 ይደርሳል። ሆኖም አንድ ጊዜ ከመዝለል ወደ 122.5፥ ከዚያም ወደ 120 እያሉ፥ በየደረጃው ካንዴላ እያዩና እየለኩ መውረድ ይገባል። ከሁሉ በፊት ግን የተቀረጸውን ቁጥር ከመኪናዋ መጽሐፍ ጋር ማስተያየት ያሻል፤ ከእኛ በፊት የነበረ ባለቤት ለውጦት ሊሆን ይችላልና።

4ኛ፤ ማስጠንቀቂያ

ቁጠባ ወደ ስስት እንዳይለወጥ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ቤንዚን ከሚገባው በታች ያገኘ ሞተር ከመጠን በላይ ይሞቃል። የቮልስ ሞተር ደግሞ የሚቀዘቅዘው በውሃ ሳይሆን በነፋስ ስለ ሆነ ቫልቩ ቶሎ ይቃጠላል። በጥቂት ወራት የተቆጠበው የቤንዚን ገንዘብ አንድ የተቃጠለ ቫልቭ አይመልስም። በተለይ ለአዲስ አበባ የተስተካከለች መኪና 1,000 ሜትር ያህል ከፍታ ወዳለው ወደ አዋሽ፥ ይልቁንም ወደ ጅቡቲ ብትወርድ፥ በዚያ አየሩ ስለሚከብድ ቤንዚኑ ያንሳታል። ስለዚህ የቀድሞዋን ብሎን በመሣሪያው ሣጥን ይዞ መውረድና እዚያ ሲደርሱ መለወጥ ነው።

ደግሞም ከእንጦጦ ቁልቁል ማርሹን ፎሌ አድርገው የሚለቁ አሉ። ይህ የሚያተርፈው ጥቂት ጠብታ ሲሆን ሞተሩ መኪናዋን መያዝ ስለሚያቆም ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ ፍሬን የጋለ ዕለትም የሚጠፋው ነፍስ ነው። ከዚህ ይልቅ ባዶውን ፖርቶመጋላ ማውረድና ከፍጥነት መቀነስ ይሻላል፤ የነፋሱ ተቃውሞ በፍጥነቱ ካሬ ያድጋልና ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ተቃውሞው አራት እጥፍ ይሆናል።

መደምደሚያ

የጋሼ ቮልስ በፍሬኗ፥ በቾኳ ሽቦና በመጨረሻም በብሎኗ በተራ ከተስተካከለች በኋላ፥ ቀድሞ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ብቻ ታደርስ የነበረች አንዲት ሙሌት ቅዳሜን ያዘች። ጋሼም ሊገዛት ለመጣው ሰው «ሐሳቤን ለውጫለሁ» ብለው ሸኙት።

እንግዲህ ለማለት የፈለግነው ይህ ነው። ያረጀች መኪና ቤንዚን የምታባክነው ስላረጀች ብቻ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ አንዲት የተነቀለች ሽቦ ወይም ለሌላ አገር አየር የተበሳች ቀዳዳ ስላለባት ነው። እርጅናን መመለስ አይቻልም፤ ሽቦዋን መቀጠልና ቀዳዳዋን ማስተካከል ግን ይቻላል። በዚህ ሥራ የቆዩ ባለሙያዎች የተሳሳትነውን ቢያርሙን፥ የጎደለንንም ቢሞሉልን በደስታ እንቀበላለን።