ጧፍ ለእጅ፣ ሻማ ለመቅረዝ

በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባሉ የጎጃም ደጋማ ወረዳዎች መብራት በጠፋ ቁጥር በየቤቱ የሚለኮሰው ሁለት ዓይነት ሲሆን፣ አንደኛው ከንብ ሰም የሚሠራው ቀጭኑ ጧፍ፣ ሁለተኛው ከድፍድፍ ነዳጅ ከሚገኘው ፓራፊን በፋብሪካ የሚመረተው ሻማ ነው። ሁለቱ በአንድ አያያዝ ሲበሩ ይታያል፤ ይሁን እንጂ የተሠሩበት ዓላማ የተለያየ በመሆኑ ለአንዱ የሚበቃው ጥንቃቄ ለሌላው አይበቃም።

ጧፍ የተፈተለ የጥጥ ክር በቀለጠ ሰም ተለብጦ የሚሠራ፣ በትንሣኤ ሌሊት እንደሚታየው ምእመናን በእጃቸው ይዘው የሚያበሩት፣ ከሰው ዓይን የማይለይ ብርሃን ነው። ብቻውን መቆም ተፈጥሮው ስላልሆነ፣ በጠረጴዛ ጠርዝ ወይም በግድግዳ ላይ በራሱ ሰም ተለጥፎ ሲተው ሙቀቱ ያለሰልሰውና ጎብጦ እየነደደ ይወድቃል። ቤት ውስጥ ያለ ያዥ የሚበራ ከሆነ አሸዋ በተሞላ ጣሳ ወይም ሸክላ ውስጥ ጠልቆ መተከል አለበት፤ የፕላስቲክ ዕቃ ግን ራሱ ቀልጦ ስለሚነድ ለዚህ አይሆንም።

ሰሙን በቤቱ የሚያዘጋጅ ሰው ደግሞ ጥንቃቄውን ከምድጃው መጀመር ይኖርበታል። ማር ተቆርጦ ጠጅ ሲጣል ከላይ የሚንሳፈፈው ሰፈፍ በውኃ ተፈልቶ በጨርቅ ከተጠለለ በኋላ ሲቀዘቅዝ፣ ሰም ከውኃ ስለሚቀል ከላይ ይረጋል። ይህ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት የሚቀልጥ ቢሆንም፣ ብቻውን በእሳት ላይ ተጥዶ ከ200 ዲግሪ በላይ ከጋለ ትነቱ እሳት ሊይዝ ይችላል። መፍትሔው የሰሙን ዕቃ ውኃ በያዘ ድስት ውስጥ ማስቀመጥ ነው፤ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ደብረ ማርቆስ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ ድስቱ ውኃ እስካለው ድረስ ሰሙ ከዚያ አልፎ አይግልም። እሳት በያዘ ሰም ላይ ውኃ መድፋት ግን ትልቅ ስሕተት ነው፤ ውኃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ የሚነደውን ሰም ይረጨዋልና፣ ምድጃውን አጥፍቶ ዕቃውን በክዳን ማፈን ይገባል። በደጋው ብርድ የተቀመጠ ጧፍ ላይ የሚታየው ነጭ አመዳይ መሰል ነገር ደግሞ የብልሽት ምልክት አይደለም፤ በለስላሳ ጨርቅ ሲወለወል ይለቃል።

ሻማም ሆነ ጧፍ ሲበራ የሚነደው በክሩ የተሳበው ሰም ተንኖ የሚፈጥረው ጋዝ ነው። ክሩ ከረዘመ ነበልባሉ አቃጥሎ ሊጨርሰው ከሚችለው በላይ ሰም ስለሚስብ የተረፈው ጥላሸት ሆኖ ይወጣል፤ በመሆኑም የሻማን ክር ከመለኮስ በፊት ወደ 6 ሚሊ ሜትር ማሳጠር ይመከራል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ ፈረንሳይ ውስጥ የተፈለሰፈው የተጎነጎነ ክር እየታጠፈ ጫፉን ራሱ የሚያቃጥል ሲሆን፣ በእጅ የተፈተለው የጧፍ ክር ግን ይህ ባሕርይ ስለሌለው የከሰለው ጫፍ በየጊዜው መነቀስ አለበት።

ብርሃኑ የሚቀመጥበት ስፍራ ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት ይገባል። የሣር ክዳን፣ ከጨርቅ ወይም ከማዳበሪያ ከረጢት የተወጠረ ኮርኒስ፣ ጋዜጣ የተለጠፈበት የጭቃ ግድግዳና ከበዓል ማግስት የደረቀ የቄጤማ ጉዝጓዝ በቀላሉ የሚቀጣጠሉ ስለሆኑ፣ በነበልባሉ ዙሪያ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ከበላዩም ከዚያ የሰፋ ባዶ ቦታ መተው ያስፈልጋል። ወባ ባለበት በዓባይ ሸለቆ ደግሞ ከአልጋው አጎበር አጠገብ ጧፍ ማብራት ጨርሶ አይገባም፤ አጎበሩ የሚሠራበት ሰው ሠራሽ ክር ቀልጦ ገላ ላይ ይጣበቃል።

የቀለጠ ሰም ቆዳ ላይ ቢፈስ ለ20 ደቂቃ ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ እንጂ ቅቤ ወይም የጥርስ ሳሙና መቀባት አይጠቅምም፤ የተጣበቀውም ሰም በኃይል ከተላጠ ቆዳውን ይዞ ስለሚነሣ፣ እንዳለ ትቶ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይሻላል።