የዶሮ ቤት በበረኪና ሲታጠብ ለሠራተኛው የሚደረግ ጥንቃቄ

ፈንግል ዶሮዎችን ከፈጀ በኋላ ቤቱን አጥቦ በመድኃኒት ማንጻት የግድ ነው። ነገር ግን ጀርም የሚገድል መድኃኒት የሰውንም ዓይን፣ ቆዳና ሳንባ ይጎዳል። እንደ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ባለ ክፍለ ከተማ፣ በግቢ ጥግ በተሠራ ጠባብ የዶሮ ቤት ውስጥ ጉዳቱ ይብሳል። ስለዚህ የሚከተለውን አንብቡ፤ ማንበብ ለማይችለውም አስረዱ።

አንደኛ፤ ከበረኪናው በፊት ኩሱን አውጡ። የዶሮ ቤት ስትገቡ አፍንጫ የሚሰነፍጠው ሽታ ከኩሱ የሚወጣ አሞኒያ ነው። በረኪና እርጥብ ኩስ ላይ ሲፈስ ከአሞኒያው ጋር ተዋሕዶ ክሎራሚን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። ኩሱም በበኩሉ የበረኪናውን ኃይል ስለሚያደክመው ጀርሙ ሳይሞት ይቀራል። እንግዲህ አቧራ እንዳይነሣ ጥቂት ውሃ እርጩ፤ ኩሱንና ጉዝጓዙን ጠርጋችሁ አውጡ፤ ወለሉንና ግድግዳውን በሳሙና ፈትጋችሁ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ።

ሁለተኛ፤ መጠኑን ጠብቁ። በረኪናው 5 በመቶ መሆኑን ከጽሑፉ ላይ አይታችሁ፣ ከቤት ውጭ ዘጠኝ ጣሳ ቀዝቃዛ ውሃ በባልዲ ቅዱና አንድ ጣሳ በረኪና ጨምሩበት። ከሽንት ቤት አሲድ ወይም ከኮምጣጤ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉት፤ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ወለሉ ይወርዳል፤ ጎንበስ ብሎ የሚፈትገው ሠራተኛም ቀድሞ ይተነፍሰዋል።

ሦስተኛ፤ በርና መስኮት ክፈቱ። የጎማ ጓንት፣ ቦት ጫማ፣ እጅጌው ረጅም ልብስና የዓይን መከላከያ መነጽር አድርጉ። በአፍንጫ ላይ የሚታሰር ጨርቅ ጋዝ አያግድም። ከውስጠኛው ጥግ ጀምራችሁ ወደ በሩ እየቀባችሁ ውጡ፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ በውሃ አለቅልቁ። ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና አስም ያለባቸው አይቅረቡ።

ፎርማሊን ማጨስን ግን በራሳችሁ አትሞክሩ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2004 እ.ኤ.አ. የፎርማሊንን ጋዝ በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት መድቦታል።

አደጋ ከደረሰ፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ እጠቡ። ቆዳ ላይ ከፈሰሰ የረጠበውን ልብስ አውልቃችሁ በብዙ ውሃ ታጠቡ። ያሳለውን ወይም ትንፋሽ ያጠረውን ሰው ወደ ነፋሻ ቦታ አውጡት፤ የጠጣውን አታስመልሱት። ሁሉንም ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱ፤ የመድኃኒቱንም ዕቃ ለሐኪሙ አሳዩ። በረኪናን በመጠጥ ውሃ ጠርሙስ አታስቀምጡ፤ ሕፃን ይጠጣዋል።

ሠራተኛ ቀጥራችሁ የምታሠሩ፣ ጓንቱንና ቦቱን መግዛት የእናንተ ድርሻ ነው። የልማት ሠራተኞችም ስለ በረኪናው መጠን ስታስተምሩ ስለ ጓንቱና ስለ መስኮቱ አብራችሁ አስተምሩ። ከሁሉም የሚሻለው ዶሮዎችን ፈንግል ሳይገባ ማስከተብ ነው፤ ክትባቱ እዚሁ አገራችን በቢሾፍቱ ይመረታል። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለምን?