ኮምፒዩተርን በጎተራ ዘዴ መጠበቅ

እህሉን በተለያዩ ጎተራዎች ያስቀመጠ ገበሬ፣ አንዱ ቢነቅዝበት ሌላው ይተርፍለታል። ኮምፒዩተርንም በዚሁ ዘዴ መጠበቅ ይቻላል። ፀረ ቫይረስ ፕሮግራም ጥቃትን ሁሉ ለይቶ ሊያውቅ ስለማይችል፣ ያልታወቀው ሲገባ ጉዳቱ እንዳይዛመት ማድረግ ያስፈልጋል። ለዚህ ከሚያገለግሉት ቴክኖሎጂዎች አንዱ ቨርቹዋላይዜሽን ይባላል።

«ሃይፐርቫይዘር» የተሰኘው ሶፍትዌር የአንዱን ኮምፒዩተር ሜሞሪና ፕሮሰሰር አከፋፍሎ፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ያላቸው በርካታ ምናባዊ ኮምፒዩተሮችን ይፈጥራል፤ አንዱ የሌላውን ሜሞሪ እንዳያነብም ይከለክላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የመጀመሪያ ዕትሙ የወጣው «ኪውብስ» የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው። ተጠቃሚው የባንክ ሥራውን በአንዱ ምናባዊ ኮምፒዩተር፣ ሌላውን የኢንተርኔት ሥራ በሌላው ያከናውናል፤ አጠራጣሪ ፋይል ሲደርሰው ደግሞ በጊዜያዊው ይከፍተዋል። ጊዜያዊው ሲዘጋ በውስጡ የገባው ቫይረስም አብሮ ይጠፋል።

ይሁን እንጂ አጥሩ ሊጣስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነው «ቬኖም» የተባለው ስሕተት የተገኘው፣ የፍሎፒ ዲስክ መቆጣጠሪያን በሚያስመስል ያረጀ የሶፍትዌር ክፍል ውስጥ ነበር፤ አጥቂ በዚያ ሾልኮ ዋናውን ኮምፒዩተር ሊደርስበት ይችል ነበር። ስለዚህ ሶፍትዌሩን በየጊዜው ማደስ ግድ ነው። ተጠቃሚውም ቢሆን የተበከለውን ፋይል በገዛ እጁ ወደ ባንክ ሥራው ከገለበጠው፣ የነቀዘውን እህል ከደኅናው ቀላቀለ ማለት ነው።