ጅብ ማታ ማታ ለምን ይጮኻል?

ልጅ ሲያጠፋ ብዙዎቻችን እንቆጣለን፤ ወይም አርጩሜ እንቆርጣለን። ልጁ ያለቅሳል። ያለቀሰ ልጅ ሁሉ ግን ጥፋቱን አወቀ ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚቀርለት ፍርሃት ብቻ ነው። ታዲያ ምን ይሻላል? ተረት አለ እኮ!

በነቀምቴ፣ በጊምቢና በደምቢ ዶሎ አካባቢ የጥንት ተረት በኦሮምኛ «ኦዱ ዱሪ» ይባላል። እኛ አስተማሪዎችም እስቲ አንድ ተረት እናጫውታችሁ።

ጅብ ድግስ ተጠራ። ገንፎ ቀረበ። መሐሉ ላይ የፈላ ቅቤ ይንተከተካል። ሽማግሌው ዝንጀሮ ሊመርቅ ተነሣ። ጅብ ግን መች ይታገሣል? እጁን ሳይታጠብ ከመሐል ዛቀና ዋጠ! አፉ ተቃጠለ። ጦጢት «አያ ጅቦ፣ አሜን በል እንጂ» ብትለው፣ «ኡኡ!» አለ። እስከ ዛሬም ማታ ማታ የሚጮኸው «አሜን» ለማለት እየሞከረ ነው።

ልጆች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ። እየሳቁም ሦስት ነገር ይማራሉ፤ እጅ መታጠብን፣ ታላቅን ማክበርን፣ ተራ መጠበቅን። የተሳቀው በጅቡ ስለሆነ ልጁ አያፍርም። ስለዚህ «አንተም እንደ ጅቡ ነህ» አትበሉት። «ጅቡ ምን ቢያደርግ ይሻለው ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ራሱ ካገኘው ቶሎ አይረሳውም። እኛ ትልልቆቹም እጃችንን ሳንታጠብ ከበላን ተረቱ ከንቱ ነው።

ተረት በቃል ብቻ ከቀረ ይጠፋል። ይህን የተረዱ አንዲት ሴት ነበሩ። ስማቸው አስቴር ጋኖ ነው። በልጅነታቸው በባርነት ተይዘው ኋላ ነጻ ወጡ፤ ተማሩም። ወደ 500 የሚሆኑ የኦሮሞ ተረቶች፣ ዘፈኖችና ምሳሌዎች ሰበሰቡ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ እ.ኤ.አ. በ1894 ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ባዘጋጁት የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ታተሙ። መጽሐፉ የተጻፈው እናንተ አሁን በምታነቡት ፊደል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1904 ሁለቱም ወደ ወለጋ መጡ። አስቴርም በነቀምቴ ልጆችን አስተማሩ።

ዛሬ እናንተም ፊደል ለይታችኋል። እንግዲህ አያቶች በሕይወት ሳሉ ተረታቸውን ጠይቁ። በየሳምንቱ አንድ ተረት በደብተራችሁ ጻፉ። ማታ ለልጆቻችሁ አንብቡላቸው። ልጆቹ እየሳቁ ይማራሉ፤ እናንተም ንባባችሁ ይጠነክራል።