ስለ ኒንጃ ጥበብና ራስን ስለ መጠበቅ

ልጆች ሆይ፥ በእኛ ፊደል እያንዳንዱ ምልክት ድምፅን ይነግረናል፤ ትርጓሜው የሚገኘው ፊደላቱ ተገጣጥመው ቃል ሲሆኑ ነው። በጃፓን አገር ግን ከድምፅ ፊደላት ሌላ፥ አንዱ ምልክት ብቻውን አንድ አሳብን የሚያመለክትበት ጽሕፈት አለ። ከእነዚህም ምልክቶች አንዱ ከሁለት ክፍል የተሠራ ነው፤ ከላይ ስለት፥ ከታች ልብ። ሁለቱ በአንድነት ሲጻፉ «መታገሥ» ማለት ነው፤ ደግሞም «መሰወር» ማለት ነው። በቀድሞ ዘመን በዚህ ምልክት የሚጠሩ ሰዎች ነበሩ፤ ስማቸውም ሺኖቢ ይባል ነበር። ዛሬ ዓለም ሁሉ ኒንጃ ይላቸዋል።

ስለ ኒንጃ የሚወራው ብዙ ነው። ጥቁር ልብስ ለብሰው በሌሊት ከጣራ ወደ ጣራ ይዘላሉ፥ በውሃ ላይ ይራመዳሉ፥ እንደ ጢስ ይጠፋሉ ይባላል። ይህ አብዛኛው የተረትና የቲያትር ሥራ ነው። እውነተኛው ሺኖቢ በቀን በአደባባይ የሚሄድ ሰው ነበር፤ አንድ ጊዜ ነጋዴ፥ አንድ ጊዜ መነኩሴ፥ አንድ ጊዜም ዋሽንት እየነፋ የሚለምን መንገደኛ መስሎ ይታይ ነበር። በገበያ መካከል ጥቁር ተከናንቦ የሚሄድ ሰላይማ ከሰው ሁሉ በፊት በተያዘ ነበር!

አገራቸው ኢጋና ኮጋ ናቸው፤ ሁለቱም ከጥንቱ ከተማ ከኪዮቶ ብዙ የማይርቁ፥ በተራሮች የተከበቡ ወረዳዎች ናቸው። በዚያ የሚኖሩት ሰዎች መሬታቸውን እያረሱ መንደራቸውን የሚጠብቁ ባለ ጥቂት ርስት ነበሩ። በዙሪያቸው ታላላቅ መሳፍንት ይዋጉ ነበርና፥ ጥቂቶች ሆነው ብዙውን ሠራዊት ፊት ለፊት ሊቋቋሙት አልቻሉም። ስለዚህ ማየትን፥ መስማትን፥ መንገድ ማወቅንና ወሬ ይዞ በሕይወት መመለስን ተማሩ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1579 ዓመት የታላቁ መስፍን የኦዳ ኖቡናጋ ልጅ ጦር ይዞ ወደ ኢጋ ገባ፤ የኢጋ ሰዎችም የተራራውን ጠባብ መንገድ ያውቁ ስለ ነበር አሸንፈው መለሱት። በ1581 ግን በብዙ አሥር ሺህ የሚቈጠር ሠራዊት ከየአቅጣጫው መጣባቸው፤ መንደሮቹ ተቃጠሉ፥ ብዙ ሕዝብም አለቀ። ከዚያ በኋላ ከተረፉት ብዙዎቹ በኤዶ፥ ማለት ዛሬ ቶክዮ በሚባለው ከተማ፥ የግንብ ጠባቂዎች ሆነው አገለገሉ።

ሰላም በሆነ ጊዜ፥ በ1676፥ ጥበቡ እንዳይጠፋ ባንሰንሹካይ የሚባል ታላቅ መጽሐፍ ተዘጋጀ። መጽሐፉ በቅጥር ላይ መውጣትንና የተዘጋ በር መክፈትን ያስተምራል፤ ነገር ግን ይህን ከማስተማሩ በፊት ስለ ቅን ልብ ይናገራል። የሰውን በር መክፈት የሚያውቅ እጅ፥ ልቡ ቅን ካልሆነ፥ የሌባ እጅ ነውና።

በእኛ ዘመን ይህን ጥበብ ለውጭ አገር ሰዎች በይበልጥ ያስታወቁት በ1931 የተወለዱት ሃትሱሚ ማሳአኪ ናቸው። እርሳቸውም ታካማትሱ ከሚባሉት መምህር ከተማሩ በኋላ ቡጂንካን የሚባለውን ማኅበር መሠረቱ፤ ከብዙ አገርም ተማሪዎች ወደ እርሳቸው መጡ። ትምህርቱ ሁሉ ከጥንቶቹ ሺኖቢ ሳይቋረጥ መምጣቱን የሚጠራጠሩ የታሪክ ሊቃውንት አሉ። ተማሪው ግን ትምህርቱን የሚመረምረው በገዛ ሰውነቱ ነው።

የሚማሩበት ቤት ዶጆ ይባላል። አንድ ልጅ ጐራዴ ይሰጠኛል ብሎ ወደ ዶጆ ቢገባ፥ የመጀመሪያው ቀን ያሳዝነው ይሆናል። መምህሩ ጐራዴ አይሰጠውም፤ መውደቅን ያስተምረዋል እንጂ። ይህ ትምህርት ኡኬሚ ይባላል፤ «በሰውነት መቀበል» እንደ ማለት ነው።

«መውደቅስ ትምህርት ይፈልጋልን?» ብላችሁ ትስቁ ይሆናል። ነገር ግን ሰው ሳያስበው ሲገፉት የሚያደርገውን አስተውሉ። ክንዱን ቀጥ አድርጎ ዘርግቶ መሬቱን ሊይዝ ይቸኩላል። ያን ጊዜ የሰውነቱ ክብደት ሁሉ በአንድ መዳፍ ላይ ይወርዳል፤ ኀይሉም በክንዱ ወደ ላይ ወጥቶ የእጁን አንጓ፥ ወይም በአንገቱና በትከሻው መካከል ያለውን አጥንት ይሰብራል። ወደ ኋላ የወደቀ እንደ ሆነ ደግሞ ራሱ ከመሬት ይጋጫል፤ ይህም ከሁሉ የከፋ ነው።

ስለዚህ ተማሪው አስቀድሞ ቁጭ ብሎ፥ ኋላም ተንበርክኮ፥ በመጨረሻም ቆሞ መንከባለልን ይለማመዳል። አገጩን ወደ ደረቱ ያስጠጋል፤ ክንዱን እንደ መንኰራኵር ጠርዝ ያጐብጣል፤ መሬቱን መጀመሪያ በክንዱ፥ ቀጥሎ በትከሻው ይነካል፤ ከዚያም ጀርባውን በአግድመት አቋርጦ በሌላው ወገን ዳሌ በኩል ይነሣል። በራሱ አናት ላይ አይሽከረከርም። ሲወድቅም ትንፋሹን ይለቃል እንጂ አያፍንም። ይህን አጥብቆ የተማረ ሰው ሲወድቅ ድምፁ ብዙ አይሰማም፤ ወዲያው ቆሞ፥ ከገፋው ሰውም ሁለት ሦስት እርምጃ ርቆ ይገኛል። በዕድሜው ሁሉ አንድ ጠላት ባያጋጥመው እንኳ፥ ከደረጃ ወይም ከቢስክሌት የማይወድቅ ሰው ጥቂት ነውና፥ ድካሙ በከንቱ አይቀርም።

ከዚህ ቀጥሎ ከሚመጣው ኀይል መንገድ መውጣትን ይማራል። ደካማው ክንድ ከብርቱው ክንድ ጋር ቢጋጭ ይሸነፋል፤ ወደ ጎን የተራመደ ግን ቡጢው ባዶ አየር እየመታ ያልፈዋል። እጁንም ቢይዙት እንዲሁ ነው። የጓደኛችሁን አንጓ በመዳፋችሁ ያዙና ተመልከቱ፤ አራት ጣቶች በአንድ ወገን፥ አውራ ጣት ግን ለብቻው በሌላው ወገን ነው። በሩ በዚያ አለ። ወደ ኋላ የሚጐትት ልጅ ከያዘው ሰው ጉልበት ሁሉ ጋር ይታገላል። ግማሽ እርምጃ ወደ ሰውየው ቀርቦ ክንዱን ወደ አውራ ጣቱ በኩል የሚያዞር ግን የሚታገለው ከአንድ ጣት ጋር ነው። ከተፈታ በኋላስ ምን ያደርጋል? ይጮኻል፥ ይሮጣል፥ ሰው ወዳለበት ይደርሳል። ተፈትቶ ሳለ ሊመታ የሚመለስ ግን ከዚያ ወዲያ ራሱን ይጠብቅ ነበር አይባልም፤ ዳኛም ቢጠይቀው መልስ ያጣል።

አንዳንድ ልጆች መሮጥ የፈሪ ሥራ ነው ይላሉ። እኔ እንዲህ አይመስለኝም። ወደ መንደሩ የሚመጣውን ሠራዊት ሊቈጥር የተላከ አንድ የኢጋ ሰው ቢኖር፥ በመንገድም አንድ ዘበኛ ቢሰድበው፥ ከዘበኛው ጋር ሊዋጋ ይቁምን? ቢያሸንፍ እንኳ ሌሎች ዘበኞች ይደርሱበታል፤ በመንደሩም ያሉ እናቶችና ሕፃናት ሳይሰሙ ጦሩ ይመጣባቸዋል። ያ ሰው ስድቡን ታግሦ ጐንበስ ብሎ ማለፍ ነበረበት። ከልብ በላይ ስለት የተጻፈበት ምልክት ይህን ሰው ያሳስበኛል።

ከብዙ ወር በኋላ መምህሩ ተማሪዎቹን ከምንጣፉ ወደ ሣር፥ ከሣርም ወደ ደረቅ መሬት ያወጣቸዋል። በዚያ ጠጠሩ በትከሻ ላይ ይሰማል፤ ክንዱን በደኅና ያጐበጠውና ያላጐበጠው ተማሪም ይለያል። ጐራዴ ሲመኝ ለነበረው ልጅ ያን ጊዜ ከእንጨት የተሠራ ጐራዴ ይሰጠዋል። የመጀመሪያ ሥራውም ጐራዴውን ይዞ፥ ራሱንም ጓደኛውንም ሳይነካ፥ መውደቅ ነው።