ኒው ዮርክን በእግር የሚያስጎበኝ መጽሐፍ

የኒው ዮርክን ሕንጻዎች ከነታሪካቸው ማወቅ ለሚፈልግ ሰው፣ ከአስጎብኚ አውቶብስ ይልቅ የሚጠቅም አንድ መጽሐፍ አለ። ስሙ «ኤአይኤ ጋይድ ቱ ኒው ዮርክ ሲቲ» ይባላል። ያዘጋጁት ኖርቫል ዋይትና ኤሊየት ዊለንስኪ የተባሉ ሁለት አርክቴክቶች ናቸው። መጀመሪያ የወጣው በ1967 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ አርክቴክቶች ተቋም ጉባኤውን በከተማዋ ሲያደርግ ነበር። ለጉባኤ የተዘጋጀ ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ጉባኤው ሲበተን አብሮ ይረሳል፤ ይህኛው ግን እየታደሰ፣ እየወፈረም ሄደ። በ2010 የታተመው አምስተኛው እትም ከሺህ ገጽ በላይ አለው። ዊለንስኪ በ1990 አረፉ። ዋይት ደግሞ ከፍራን ሊደን ጋር አምስተኛውን እትም ካዘጋጁ በኋላ፣ መጽሐፉ ገበያ ላይ ሳይውል በ2009 መጨረሻ ዐረፉ።

መጽሐፉ ከተማዋን በአምስቱ ክፍሎቿ፣ እነሱን ደግሞ በሰፈር በሰፈር እየለየ፣ አንባቢውን መንገድ ለመንገድ ይወስደዋል። የእያንዳንዱን ሕንጻ ስም፣ አድራሻ፣ የተሠራበትን ዓመትና የአርክቴክቱን ስም ካስቀመጠ በኋላ ፍርዱን ይሰጣል። ያማረውን ያሞግሳል፤ ያላማረውን ያለ ይሉኝታ ይናገራል። መጽሐፉን የምወደው በዚህ ነው። በፍርዱ ያልተስማማ ሰው እንኳ፣ ያልተስማማበትን ምክንያት ለማወቅ ሕንጻውን ደግሞ ማየት ግድ ይሆንበታል። ደግሞም የታወቁትን ብቻ መርጦ አያልፍም፤ የእሳት አደጋ ጣቢያው፣ የድሮው ፋብሪካ፣ ድልድዩ ሁሉ ቦታ አላቸው።

ለጀማሪ የሚመቸው ሰፈር ሶሆ ይመስለኛል። ብሮድዌይና ብሩም የሚባሉት መንገዶች በሚገናኙበት ጥግ ላይ በ1857 የተሠራ ባለ አምስት ፎቅ ሕንጻ ቆሟል፤ የሃዋውት ሕንጻ ይሉታል። ሲሠራ የሸክላ፣ የብርጭቆና የብር ዕቃ መሸጫ ነበር። ኤሊሻ ኦቲስ በእንፋሎት የሚሠራውን የሰው አሳንሰር ለደንበኞች የተከለው እዚህ ሲሆን፣ ለሕዝብ አገልግሎት በመዋል የመጀመሪያው ነው። ሕንጻውን ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ለሚያየው የጣሊያን ቤተ መንግሥት ይመስላል፤ ዓምድና ቅስት፣ ዓምድና ቅስት፣ እስከ ጣሪያው ድረስ። ድንጋይ ነው ብሎ መማል ይቻላል። ተጠግተው ሲያዩት ግን ቀለም የተቀባ ብረት ነው። የዳንኤል ባጀር ፋብሪካ ብረቱን አቅልጦ በቅርጽ እያፈሰሰ አወጣው፤ እየተገጣጠመ ቆመ። አንዱን ቅርጽ ደጋግሞ መጠቀም ስለሚቻል ድንጋይ ከማስጠረብ ይረክሳል፣ ይፈጥናልም። ብረት በቀጭኑም ስለሚሸከም መስኮቱ ይሰፋል፤ የኤሌክትሪክ መብራት ባልነበረበት ዘመን ለሱቅ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በ1970 የብረት ሕንጻዎች ወዳጆች ማኅበርን የመሠረቱት ማርጎት ጌይል ለሰዎች ትንንሽ ማግኔት ያድሉ ነበር። ግድግዳው ማግኔቱን ከያዘው ብረት ነው፤ ከጣለው ድንጋይ ወይም እንጨት ነው። በዚህ ሰፈር ላይ ሰፊ የፈጣን መኪና መንገድ ለማሳለፍ ለዓመታት ታቅዶ ነበር። ነዋሪውና አርቲስቱ ታግለው ዕቅዱን ካስቀሩ በኋላ፣ በ1973 ሰፈሩ በሕግ የሚጠበቅ ቅርስ ሆነ።

ከዚያ ወደ መሃል ማንሃተን ሲወጡ ሌላ ዓይነት ንባብ ይጀመራል። እዚያ የሕንጻውን ቅርጽ የሚወስነው አርክቴክቱ ብቻ ሳይሆን ሕጉም ነው። በ1915 ታችኛው ብሮድዌይ ላይ ኢኩዊተብል የተባለው 38 ፎቅ ከመሬት እስከ ጫፍ ቀጥ ብሎ ቆመና ጎረቤቱን ሁሉ ጥላ ውስጥ ከተተው። በማግሥቱ ዓመት ከተማዋ ሕግ አወጣች፦ ሕንጻ ከፍ ባለ ቁጥር ወደ ኋላ እየሸሸ ይሂድ። እንደ ደረጃ እየጠበቡ የሚወጡት የ1920ዎቹና የ30ዎቹ ሰማይ ጠቀሶች መልክ የመጣው ከዚህ ነው። ፓርክ አቨኑ ላይ 52ኛው መንገድ ዘንድ የሚገኘውና አርክቴክቱ ሚስ ፋን ደር ሮኸ የነደፈው፣ በ1958 የተጠናቀቀው ሲግራም ሕንጻ ግን ሌላ መንገድ መረጠ፤ ፊት ለፊቱን ባዶ አደባባይ አድርጎ ትቶ ራሱ ቀጥ ብሎ ወጣ። ግድግዳው ላይ ከታች እስከ ላይ የተሰለፉት የነሐስ ዘንጎች ሕንጻውን የተሸከሙት ይመስላሉ። ተሸካሚው ብረት ግን በእሳት ደንቡ ምክንያት በኮንክሪት ተሸፍኖ ውስጥ ነው ያለው። በ1961 የወጣው አዲስ ሕግ አደባባይ ለሚተው ተጨማሪ ፎቅ መፍቀድ ጀመረ፤ ብዙዎችም ሲግራምን ለመኮረጅ ሞከሩ። አብዛኞቹ አልተሳካላቸውም። ነፋስ ብቻ የሚመላለስባቸው፣ ሰው የማይቀመጥባቸው አደባባዮች ዛሬም ብዙ ናቸው።

ይህ መጽሐፍ በዚያ ዘመን መውጣቱ ያለ ነገር አይመስለኝም። ማኪም፣ ሚድ ኤንድ ዋይት የተባለው ድርጅት ነድፎት በ1910 የተከፈተው ፔንሲልቬንያ ባቡር ጣቢያ፣ የሮምን የካራካላ መታጠቢያ እንዲመስል የተሠራ አዳራሽ ነበረው። ከ1963 ጀምሮ ፈረሰ። የሕዝቡ ቁጣ በ1965 የከተማዋን የቅርስ ጥበቃ ሕግ ለማውጣት አገዘ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ መጽሐፉ መጣ። በኋለኞቹ እትሞች ውስጥ የፈረሱ ሕንጻዎችም ተመዝግበዋል። አንድ ከተማ ምን እንዳጣ የሚያውቀው እንዲህ ያለ መዝገብ ሲኖረው ነው።

ለእኛ አንባቢ ግን ሃርለምን ሳላነሳ አላልፍም። 138ኛው መንገድ ላይ የአቢሲኒያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን አለ። ምእመናኑ በ1808 ማኅበራቸውን የመሠረቱት፣ ጥቁሮችን ለይቶ የሚያስቀምጥ ቤተ ክርስቲያን ጥለው በመውጣት ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ታሪክ እንደሚተርከው ከወጡት መካከል ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ነበሩ፤ ስሙም ከዚያ መጣ። ዛሬ የሚታየው የጎቲክ መልክ ያለው ሕንጻ በ1923 የተሠራ ነው። ከዚያ ወደ ምዕራብ አንድ ብሎክ አለፍ ሲሉ ስትራይቨርስ ሮው የሚባሉት፣ በ1890ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ የረድፍ ቤቶች ይገኛሉ። 139ኛው መንገድ ላይ ያለውን የሰሜኑን ረድፍ የሠራው ያው የባቡር ጣቢያውን የነደፈው ድርጅት ነው። ወደ ጓሮ በሚያስገቡት የበር ምሰሶዎች ላይ ፈረስዎን በእርምጃ ይንዱ የሚል ጽሑፍ እስከ ዛሬ ይነበባል።

ኒው ዮርክ ያለ ዘመድ ለመጠየቅ የሚሄድ ሰው ግማሽ ቀን ብቻ ካለው ግን ወደ ሃርለም ቢሄድ እመክራለሁ። መጽሐፉ ከባድ ስለሆነ የሚሄዱበትን ሰፈር ገጾች ፎቶ ኮፒ አድርጎ መያዝ ይበቃል። ባቡር 2 ወይም 3 ይዘው 135ኛው መንገድ ጣቢያ ቢወርዱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው።