የሁለት ቀን ቀረጻ በፌርፋክስ ጎዳና

የኦስካር ሽልማት የሚሰጠው አካዳሚ የሠሪዎቹ ስም ዝርዝር ተቆጥሮ ከ40 ደቂቃ የማይበልጠውን ፊልም «አጭር» ይለዋል። ብዙዎቹ ግን 10 ደቂቃም አይሞሉም። ከጀርባው ስቱዲዮ ወይም ባለሀብት የሌለው ፊልም ገንዘቡ ከሠሪው ኪስና ከወዳጅ ዘመድ ስለሚወጣ ቀኑም የተቆጠረ ነው፤ የተከራዩት ካሜራ ሰኞ ጠዋት ይመለሳል፣ ተዋናዩ ሰኞ ሥራ ይገባል፣ የፌስቲቫሉ ማመልከቻም ማንንም ሳይጠብቅ ይዘጋል።

ሎስ አንጀለስ ውስጥ በዚህ መንገድ ቀድመው ከሄዱት ኢትዮጵያውያን አንዱ የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ ናቸው። ዩ.ሲ.ኤል.ኤ. በሚባለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አዲስ የፊልም ተማሪ «ፕሮጀክት ዋን» የተባለ ሥራ ነበረበት፤ ራሱ ጽፎ፣ ራሱ ቀርጾ፣ ራሱ ቆርጦና ቀጥሎ ያቀርባል። ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1971 ያቀረቡት «አወር ግላስ» የአንድ ጥቁር ቅርጫት ኳስ ተጫዋች የሐሳብ ለውጥ ነው። ሰፊ መድረክም ብዙ ተዋናይም አላስፈለገውም፤ ተማሪው በየቀኑ የሚያየውን ዓለም ወስዶ ነው የተሠራው። እ.ኤ.አ. በ1974 ደግሞ በትምህርት ዕረፍታቸው ኢትዮጵያ ገብተው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በሁለት ሳምንት ገደማ ቀረጹ። ዘውዱ እየወደቀ፣ ደርግ ገና ሳይደላደል በተገኘች ክፍተት የተሠራው ይህ ጥቁርና ነጭ ፊልም ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ከዚህ ሥራ አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል፤ ጊዜ ሲጠብ መጀመሪያ መወሰን ያለበት በእጅ ያለው ነገር ምን ታሪክ ሊሸከም እንደሚችል ነው።

በፌርፋክስ ጎዳና በእጅ ያለው የሐበሻ ምግብ ቤት ነው። ከኦሎምፒክ ጎዳና ወደ ደቡብ ያለውን ይህን ሰፈር የከተማው ምክር ቤት «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ የሰየመው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። አንድ ክፍል፣ ሁለት ሰው፣ አንድ ምሽት ላይ የሚያልቅ ታሪክ ለሁለት ቀን ይበቃል። አንድ ገጽ ስክሪፕት በግምት አንድ ደቂቃ ፊልም ይሆናል፤ በቀን አራት ወይም አምስት ገጽ መቅረጽ ለትንሽ ቡድን ከባድ ሥራ ነው። ስለዚህ አሥራ አምስት ገጽ ይዞ ቅዳሜ የሚነሳ ሰው እሑድ ማታ ታሪኩ ጎዶሎ ሆኖ ይቀርበታል። ከቀረጻ በፊት አምስት ገጽ መቁረጥ ያማል፤ ሳይቀረጽ የቀረ መጨረሻ ግን በምንም አይጠገንም።

ቡና የሚፈላበት ትዕይንት በወረቀት ላይ ሁለት መስመር ነው፣ በካሜራ ፊት ግን ግማሽ ቀን ይበላል። የተቆላ ቡና ተመልሶ ጥሬ አይሆንም፤ ተዋናይዋ በተሳሳተች ቁጥር ብረት ምጣዱ ይጠረግና አዲስ ጥሬ ቡና ይገባል። ልምድ ያላቸው ለስምንት ሙከራ ስምንት እፍኝ ቡና ታጥቦ በየከረጢቱ እንዲቀመጥ ያደርጋሉ። አቦል፣ ቶናና በረካ በቅደም ተከተላቸው ቢቀረጹ ይሻላል፤ የስኒው መጠን፣ የዕጣኑ ጢስና የከሰሉ ፍም ከአንዱ ምስል ወደ ሌላው ሲዘል ተመልካች፣ በተለይም ሐበሻ ተመልካች፣ ወዲያው ያያል።

ከምስል ይልቅ አጭር ፊልምን የሚገድለው ድምፅ ነው። የፌርፋክስ አውቶቡስ በቀጠሮ ያልፋል፣ የምግብ ቤቱ ማቀዝቀዣም ሳያቋርጥ ያጉረመርማል። ማቀዝቀዣው ለቀረጻ ሲጠፋ መልሶ ማብራትን መርሳት የባለቤቱን ሥጋ ማበላሸት ነውና፣ የድምፅ ባለሙያዎች የመኪናቸውን ቁልፍ እዚያው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጣሉ፤ ሳያበሩት ወደ ቤት መሄድ አይቻልም። ሁሉም ሰው ዝም ብሎ የባዶውን ክፍል ድምፅ ለአንድ ደቂቃ መቅዳትም በአርትዖት ጊዜ ንግግሮቹን ያለ ስንጥቅ ያገጣጥማል።

ፈቃድን በተመለከተ ሕጉ ግልጽ ነው። ምግብ ቤቱ የአጎት ቢሆን እንኳ በከተማዋ ለመቅረጽ ፊልም ኤል.ኤ. ከተባለው ድርጅት ፈቃድ ማውጣትና የመድን ሽፋን ማቅረብ ያስፈልጋል። ይህም የሥራ ቀናት ስለሚወስድ ዓርብ ማታ የሚጀመር ነገር አይደለም።

አርትዖቱ ሲያልቅ አማርኛ ፊልም አንድ ተጨማሪ ሥራ ይጠብቀዋል፤ የእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍ። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ዋናውን ነገር ብዙ ጊዜ ለመጨረሻ ያቆያል። እናት «ይህን ሁሉ ዓመት ገንዘብ የላክሁልህ እኔ ነኝ» ስትል ምስጢሩ ያለው «እኔ ነኝ» ላይ ነው። እንግሊዝኛው ግን «እኔ»ን ከፊት ያስቀድማል፤ ተመልካች እናትየዋ ሳትናገር አንብቦ ይጨርሰዋል፣ የተዋናይዋ ዝምታም ባዶ ይቀራል። መፍትሔው ጽሑፉን ለሁለት ከፍሎ ሁለተኛውን ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ማሳየት ነው። ይህን በጥንቃቄ ለመሥራት ለ10 ደቂቃ ፊልም አንድ ሙሉ ቀን መተው ይገባል፤ ብዙዎች የሚሰጡት ግን የመጨረሻዋን ሌሊት ነው።

በመጨረሻ የሚቀረው ማስረከብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በዋሽንግተን የተጀመረውና ሎስ አንጀለስም የሚካሄደው የ48 ሰዓት የፊልም ውድድር የፊልሙን ዓይነት በዕጣ ያድላል፤ ለሁሉም ቡድን አንድ ዓይነት ገጸ ባሕርይ፣ ዕቃና የንግግር መስመር ሰጥቶም ከ4 እስከ 7 ደቂቃ የሚሆን ፊልም ይጠብቃል። ዘግይቶ የደረሰ ፊልም ለተመልካች ይታያል፤ ለዋናው ሽልማት ግን አይወዳደርም።